ዓመታት የቆመ ቮልስ ሲነሣ፦ ቁልፉ ኪስ ውስጥ ይቆይ

ቆርቆሮ ጥላ ሥር ሸራ ለብሶ፣ ጎማው ተንፍሶ፣ ዓመታት የቆመ ቮልስ ባሕር ዳር ውስጥ ብርቅ አይደለም። ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ይጀመራል። አንድ ቅዳሜ «ዛሬ እናስነሣው» ይባላል። ጎረቤት ባትሪ ያውሳል፣ አንዱ በሃይላንድ ቤንዚን ይዞ ይመጣል፣ የሰፈር ልጆች ከኋላ ይገፋሉ፣ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮን ይለቀቃል። ሞተሩ አንድ ጊዜ ጓ ብሎ ይቆማል፤ ወይም ይነሣና ሰፈሩን በሰማያዊ ጭስ ይሸፍናል፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ጉዳቱ የሚታወቀው ከሳምንት በኋላ ነው፦ የተሰበረ የፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን የሚከብበው ቀለበት)፣ የጎበጠ የቫልቭ ዘንግ፣ የተጫረ ሲሊንደር። ዐሥር ዓመት ቆሞ ያልሞተ ሞተር በዚያች ግማሽ ሰዓት ይሞታል።

ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ሥራ አብዛኛው ቁልፍ የማይነካበት ነው። ሁለት ቅዳሜና እሑድ ይበላል። የምናወራው በአየር ስለሚቀዘቅዘው የቮልስዋገን ሞተር ነው፤ 1200፣ 1300፣ 1500 እና 1600 የሚባሉት በመጠን ይለያዩ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። ምርቱ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ስለቀጠለና ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተሠራ መለዋወጫው ዛሬም አልጠፋም። እዚህ ያጣችሁትን አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ የሚያውቅ ሰው ልካችሁ ማስፈለግ ነው።

መጀመሪያ እርጥበቱን እንረዳው፤ የቀረው ሁሉ ከእሱ ይከተላል። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ብቻውን ቢሆን ጥላው ይበቃ ነበር። ችግሩ ላቡ ነው። ሌሊት ብረቱ ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ሞቅ ያለው የሐይቅ ዳር አየር ቀዝቃዛው ብረት ላይ ሲያርፍ ውኃ ይሆናል። ፕላስቲክ ሸራ ይህን ላብ አፍኖ ስለሚይዝ ከባዶው ይብሳል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ደግሞ የትም ቦታ ላይ ቢቆም ቢያንስ የአንዱ ሲሊንደር ቫልቭ ክፍት ሆኖ ይቀራል። በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ወይም በካርቡራተሩ (አየርና ቤንዚን በሚቀላቀሉበት ዕቃ) በኩል የገባው እርጥብ አየር በዚያ ክፍት ቫልቭ አልፎ ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያርፋል፣ ፋሻው ባረፈበት መስመር ላይ ቀጭን የዝገት ቀለበት ይሠራል። «ሞተሩ ነክሷል» የሚባለው ብዙ ጊዜ አንድ ሲሊንደር ብቻ ነው፤ ሦስቱ ደህና ናቸው። አንዱ ላይ ያለውን ቀለበት በኃይል ሲያልፉት ነው ፋሻው የሚሰበር።

ከእርጥበቱ ቀጥሎ አይጥ ነው። ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው ከኋላ ቆሞ በሚታየው ትልቅ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ማራገቢያው በሚገፋው አየር ነው። ያ ቤት ለአይጥ የተሠራ ይመስላል፦ ጨለማ፣ ደረቅ፣ ባለ ብዙ መውጫ። ሣር፣ ጨርቅ፣ የወንበር ስፖንጅ ታመጣና በሲሊንደሮቹ ክንፎች መካከል ትጠቀጥቃለች። ሞተሩ እንዲህ ሆኖ ቢነሣ ምንም ምልክት አያሳይም፤ የሙቀት ጌጅ የለውማ። ከዐሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ግን አንዱ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ይቃጠላል። ባትሪ መብራት ይዛችሁ በማራገቢያው መግቢያ በኩል ወደ ውስጥ ተመልከቱ፤ በካንዴላዎቹ (በእሳት ሰጪዎቹ) ዙሪያ ያለውን ጎማ አውጥታችሁ በዚያም አጮልቁ። አንዲት የሣር ዘለላ እንኳ ከታየች የማራገቢያው ቤት መውጣት አለበት። ካርቡራተሩ ይነሣል፣ የዲናሞው ማሰሪያ ቀበቶ ይፈታል፣ በግራና በቀኝ ያሉት ሁለት ብሎኖች ይወጣሉ፣ ከነዲናሞው ወደ ላይ ይሳባል። ግማሽ ቀን ነው። በግራ በኩል ያለው የዘይት ማቀዝቀዣም በዚያው ይታያል፤ ከሥሩ የሚገኘው 3ኛው ሲሊንደር ያለዚያም ቢሆን ከአራቱ በጣም የሚሞቀው ስለሆነ እዚያ ላይ የተጠቀጠቀ ጎጆ ይቅርታ አያውቅም።

የማርሚታውን ሁለት ቀጫጭን ጭራዎችም በሽቦ ፈትሹ። ጭቃ የምትሠራ ተርብ በደንብ ትወዳቸዋለች።

አሁን ዕቃ። 10፣ 13 እና 21 ቁጥር ቁልፍ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፊለር ጌጅ (ቀጭን ክፍተት መለኪያ)፣ ቮልት የሚለካ ቴስተር፣ አንድ ትልቅ የመርፌ ስሪንጅ። ከሚገዛው ውስጥ ሦስት ሊትር ኤስ ኤ ኢ 30 ዘይት (ለሁለት ቅያሪ ስድስት ቢሆን ይሻላል)፣ የዘይት ወንፊቱ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ከነመዳብ ቀለበቶቹ፣ የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን ሁለት፣ አራት ካንዴላ፣ ፑንቲና (የእሳቱ መቆራረጫ) እና ኮንደንሰር፣ የካርቡራተር ጓርኒሲዮን ስብስብ፣ ሁለት ሜትር የቤንዚን ጎማ ቱቦ ከነማሰሪያዎቹ፣ ቺንጋ (ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞረው ጎማ)። ከሁሉም በፊት ደግሞ የደረቅ ዱቄት የእሳት ማጥፊያ። የዚህ ሞተር ገላ የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ አንዴ በደንብ ከተያያዘ ውኃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። በባልዲ ውኃ ተማምኖ ቮልስ ማስነሣት አይሆንም።

ካንዴላዎቹን ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያቸውን በአየር ንፉ። ኮምፕሬሰር ከሌለ የጎሚስታ ቤት አየር በጀሪካን የሚወሰድ ነገር አይደለምና የብስክሌት መንፊያም ይሠራል። አሸዋ ወደ ሲሊንደሩ ከገባ ያሰባችሁት ጥንቃቄ ሁሉ ከንቱ ነው። ካንዴላ ቶሎ እምቢ ካለ አታስጨንቁት፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፣ ጥርሱ ከካንዴላው ጋር ተያይዞ ይወጣል። ደብልዩ ዲ 40 ረጭታችሁ አሳድሩት፣ በነጋታው ሩብ ዙር ወደ ግራ፣ ስምንተኛ ዙር ወደ ቀኝ እያላችሁ አምጡት። የወጡትን በየሲሊንደራቸው ቅደም ተከተል ደርድሩ። ቀኝ ፊት 1፣ ቀኝ ኋላ 2፣ ግራ ፊት 3፣ ግራ ኋላ 4 ነው፤ ቀኝና ግራው የመኪናው ቀኝና ግራ ነው። ጫፉ ቀይ ዝገት የያዘ ካንዴላ ክፍት ቫልቭ የነበረበትን ሲሊንደር ይነግራችኋል።

በየሲሊንደሩ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ቀጭን ዘይት በስሪንጅ አስገቡ። ግማሽ የካምቢዮ ዘይት (አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚጠቀምበት ቀዩ) ግማሽ አሴቶን የሚለው ድብልቅ ለነከሰ ሞተር ከሁሉም ይሻላል፤ ካልተገኘ ናፍጣና የሞተር ዘይት እኩል። አንድ ነገር ግን አስቡ፦ የቮልስ ሲሊንደሮች ተጋድመው ነው የተቀመጡት። ዘይቱ ወደ ታችኛው ግድግዳ ይወርድና የላይኛውን ፋሻ አይነካም። ስለዚህ የስሪንጁ ጫፍ ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክታችሁ ወደ ላይ አዙራችሁ ርጩ፣ በማግስቱም ድገሙት። ከዚህ በላይ መጨመር አያስፈልግም፤ ሲሊንደር ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ አይታመቅም፣ ካንዴላው ተዘግቶ ሞተሩ ቢዞር የሚታጠፈው ብረት ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ፣ 21 ቁልፍ የዲናሞው ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት መንኮራኩር) ዳዶ ላይ ሰክታችሁ ወደ ቀኝ አዙሩ። ካንዴላ የሌለው ጤነኛ ሞተር በአንድ እጅ ይዞራል። ቺንጋው ቢንሸራተት የክራንክ ፑሌጃውን ራሱን በእጅ እየረዳችሁ ነው። እምቢ ካለ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ። የሚንቀሳቀሰው አምስት ዲግሪ ብቻ ቢሆን እንኳ ተስፋ አለ፣ ዘይት ጨምራችሁ ለሦስት ቀን ተዉት። በቁልፉ ላይ የሁለት ሜትር ቱቦ ሰክቶ መንጠልጠል የሚያስደስታቸው መካኒኮች አሉ። ይዞርላቸዋል፤ የዞረው በምን ዋጋ እንደሆነ ግን ጭሱ በኋላ ይናገራል። በጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ሁለቱ ቴስታታዎች ይውረዱ፣ ሲሊንደሮቹ አንድ በአንድ የሚወጡ ስለሆኑ ከሌላ መኪና ሞተር ይልቅ ይህ ሥራ ቀላል ነው።

እየዞረ ከሆነ የሁለቱን ወገን የቫልቭ ክዳኖች ከሥር አውርዱ፤ የሚይዛቸው አንድ ጠንካራ የሽቦ ማሰሪያ ነው፣ በካቻቢቴ ወደ ታች ይገፋል። አሁን አንድ ሰው ያዙር፣ ሌላው ተኝቶ ይይ። ስምንቱም የቫልቭ መዶሻዎች ተራ በተራ መውረድና መውጣት አለባቸው። አንዱ ላልቶ ከተንጠለጠለ ቫልቩ ተከፍቶ ነክሷል ማለት ነው። ደብልዩ ዲ 40 ግንዱ ላይ ረጭታችሁ፣ ጥቂት አቆይታችሁ፣ በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት። የሚገፋው ሰው ያጎበጠው ዘንግ የሚገኘው እዚህ ጋ ነው።

ከዚያው ሳትነሡ በመዶሻውና በቫልቩ መካከል ያለውን ክፍተት አስተካክሉ። ለአብዛኞቹ 0.15 ሚሊሜትር ነው፣ ለማስገቢያውም ለማውጫውም፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሆኖ። አንዳንድ የቆዩ 1200ዎች ሌላ ቁጥር አላቸው፤ የማራገቢያው ቤት ላይ የተለጠፈ ወረቀት ካለ እሱን እመኑ። 1ኛ ሲሊንደር ሁለቱም ቫልቮቹ ተዘግተው ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ (የዲስትሪቢዩተሩ፣ ማለትም የእሳት አከፋፋዩ፣ መዞሪያ ጠርዙ ላይ ያለችውን ጭረት ሲያይ) እሱን አስተካክሉ። ከዚያ ፑሌጃውን ወደ ግራ ግማሽ ዙር፣ 2ኛ። እንደገና ግማሽ፣ 3ኛ። እንደገና ግማሽ፣ 4ኛ። ወደ ኋላ ማዞሩ ነው ቅደም ተከተሉን 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚያደርገው፤ እሳቱ የሚሄደው ግን 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። የካንዴላ ሽቦ ስትመልሱ ይህን ያልለየ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያስነሣ ይውላል። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፣ ይቃጠላል፤ ሰፍቶ ቢያንኳኳ ይሻላል። «የሚያንኳኳ ቮልስ ይኖራል» የሚሉት እውነት አላቸው።

ዘይቱ። የቆየውን ስታወርዱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውኃ አለበት፤ ለጥቂት ዓመት ከቆመ ይህ ያልተለመደ አይደለም። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተና ልኩ ከላይኛው ምልክት ካለፈ የነዳጅ ፓምፑ ሽፋን ተቀዷል፣ ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ ወርዷል፤ ፓምፑ ሳይለወጥ አትቀጥሉ። ቮልስ የወረቀት ፊልትሮ የለውም፣ ከሥሩ በክብ ሳህን የተያዘ ወንፊት ነው ያለው። ስድስቱን ትንንሽ ዳዶዎች ፈትታችሁ ወንፊቱን በቤንዚን እጠቡ። እዚያ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ስባሪ ካያችሁ ሥራውን አቁሙና ሞተሩን ለማውረድ ተዘጋጁ። ስትመልሱት ዳዶዎቹ የሚጠብቁት በ7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ አጭሩን 10 ቁልፍ በሁለት ጣት ይዞ ማጥበቅ ማለት ነው። ዘይት ያንጠባጥባል ብሎ በኃይል ያጠበቀ ሰው ሳህኑን ያጎብጥና የባሰ ያንጠባጥባል፣ ወይም ብሎኑን ከማግኒዚየሙ ይነቅለዋል። አዲሱ 2.5 ሊትር ነው። ለዘመናዊ መኪና የሚሸጠው ቀጭኑ 5 ደብልዩ 30 ለዚህ ሞተር አይሆንም፤ የባሕር ዳር ብርድ ኤስ ኤ ኢ 30ን የሚያወፍር ብርድ አይደለም።

ቤንዚኑ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። ዓመት የቆየ ቤንዚን ይበላሻል፣ ቀላሉ ክፍል ተንኖ የሚቀረው እንደ ቫርኒሽ የሚሸት ቢጫ ነገር ነው። ያንን ከአዲስ ቤንዚን ጋር ቀላቅሎ «ያልፋል» ማለት የለም። 40 ሊትር የሚይዘው ሰርባቶዮ (የቤንዚን ታንኩ) ከፊት ኮፈን ሥር ነው፤ አራት ማሰሪያ አለው፣ ይወጣል። ባዶ አድርጋችሁ በፀሐይ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ለስለስ ያለ ቡናማ ዝገት ከሆነ አቼቶ ሞልታችሁ አሳድሩት፣ በማግስቱ አፍስሱና ቤኪንግ ፓውደር ሳይሆን ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጠ ውኃ አጥቡት፣ ወዲያው በንፋስና በፀሐይ አድርቁት። ተሸርሽሮ የሚረግፍ ቅርፊት ካለ ግን መጀመሪያ አንድ እፍኝ ንጹሕ ጠጠር ከትታችሁ ናጡት። ማንም ሰው ቤንዚን የነበረበትን ሰርባቶዮ እንዲበይድላችሁ አትፍቀዱ፤ ባዶ የሚመስለው ነው የሚፈነዳው።

ጎማ ቱቦዎቹን ሳታዩአቸው ለውጡ። ከሰርባቶዮው ሥር ያለው፣ ከካምቢዮው አጠገብ የብረቱ ቱቦ የሚያልቅበት፣ በፓምፑና በካርቡራተሩ መካከል ያለው። የጨርቅ ልብስ ያላቸው አሮጌዎቹ ከውጭ ደህና ይመስላሉ፤ እጠፍ አድርጋችሁ ስታዩአቸው ውስጣቸው ተሰንጥቋል። የቮልስ እሳት ዋናው ምንጭ ይህ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባባት የነሐስ ቱቦ፦ በዕድሜ ላልታ ከነቱቦው ተነቅላ ትወጣለች፣ ቤንዚኑ ከዲስትሪቢዩተሩ ላይ ይረጫል። በእጃችሁ ጠምዝዙአት፤ ከዞረች በዚያች ካርቡራተር ሞተር ማስነሣት አይገባም። ለውበት ተብሎ ሞተሩ ክፍል ውስጥ የሚንጠለጠለውን የፕላስቲክ ፊልትሮም አልወደውም። ክብደቱ ያቺን ቱቦ ይጎትታል፣ በሙቀት ይሰነጠቃል። ቦታው ከሰርባቶዮው ሥር ነው።

ካርቡራተሩን አውርዳችሁ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ። የላይኛውን ክዳን የያዙት አምስት ብሎኖች ሲፈቱ የሚታየው ነገር ሁሉንም ይነግራችኋል፦ የጽዋው ሥር ላይ እንደ ደረቀ ማር የተጣበቀ ቡናማ ነገር፣ ጠርዙ ላይ ነጭ ዱቄት። ማሩ የቤንዚኑ ዝቃጭ ነው፤ ነጩ ዱቄት ውኃ ብረቱን የበላበት ነው። ተንሳፋፊውን አንሥታችሁ ጆሯችሁ ጋ ነቅንቁት፤ ውስጡ ከተንቦጫቦጨ ተቀዷል። ክዳኑ ላይ ያለችውን መርፌ ቫልቭ በአፍ ንፉባት፣ በጣት ስትጫኗት ትንፋሽ ማቆም አለባት። ካላቆመች ቤንዚኑ ሞልቶ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ አዲስ አድርጉ።

ጂግለሮቹ ቀዳዳ ያላቸው ትንንሽ የነሐስ ብሎኖች ናቸው። አንዱ 55 የሚል ቁጥር ካለበት ቀዳዳው 0.55 ሚሊሜትር ነው፣ 125 ካለበት 1.25። ይህን ያወቀ ሰው ሽቦ አይከትበትም። ሽቦ ነሐሱን ይፍቃል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከዚያ በኋላ ቤንዚን የሚጠጣውን ሞተር ማንም አያስተካክለውም። የጥርስ ብሩሽ፣ ካርቡራተር ማጠቢያ፣ ንጹሕ ንፋስ። ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ቀዳዳው ፍጹም ክብ ሆኖ ሲታይ ነው የሚመለሰው። በጎን በኩል ሽቦ የተሰካባት የሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) መቁረጫ ባትሪ ሲነካት ጠቅ ማለት አለባት። ጠቅ ካላለች መኪናው ጋዝ ሲረገጥ ይሠራል፣ እግር ሲነሣ ይጠፋል፤ ብዙ ካርቡራተር በከንቱ የተፈታው በእሷ ምክንያት ነው።

የእሳቱ፣ የማቀጣጠያው ሥራ አጭር ነው። የፑንቲናው ፊት በላብ ስለሚዝግ አሸዋ ወረቀት ሳይሆን ጥሩ ሞረድ አሳልፉበት፣ ከዚያ ቤንዚን የነካ ካርቶን በመካከሉ ሳቡ። ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር፣ የካንዴላው 0.7። ካንዴላ ኤን ጂ ኬ ቢ 6 ኤች ኤስ ወይም ቦሽ ደብልዩ 8 ኤ ሲ ይሆናል፤ አጭር ጥርስ ያለው ነው፣ ረጅሙ ፒስተኑን ይመታል። ዲስትሪቢዩተሩን ግን አትፍቱት፣ አታዙሩትም። መኪናው ሲቆም ይሠራ ከነበረ ቆሞ እያለ ራሱን አላዞረም። ባትሪው አርፎ ከ12.6 ቮልት በላይ ይሁን፤ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ወይም የማሳው (የኔጋቲቩ) ሽቦ ነው። ከካምቢዮው ወደ ገላው የሚሄደውን የማሳ ጠፍጣፋ ሽቦ ሳትፈትሹ ሞተሪኖ አታውርዱ። ደግሞም የ1960ዎቹ ቮልስ (እ.ኤ.አ.) ብዙው 6 ቮልት ነው። የጎረቤት 12 ቮልት ባትሪ አምፖሉንም ቦቢናውንም (የካንዴላውን እሳት የሚያመነጨውን) ያቃጥላል፤ ቦቢናው ላይና ዲናሞው ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

አሁን ቁልፉ ከኪስ ይውጣ። ካንዴላዎቹ እንደ ወጡ፣ የቦቢናው የ15 ቁጥር ሽቦ ተነቅሎ። ይህን የምናደርገው በካንዴላ ቀዳዳ የሚወጣውን ዘይትና ጋዝ እሳት እንዳይነካው ነው። ሞተሪኖውን ለ10 ሰከንድ አዙሩ፣ አንድ ደቂቃ አሳርፉ፣ ድገሙ። የዘይት መብራቱ መጥፋት አለበት። በአራተኛው ካልጠፋ የዘይት ፓምፑ ደርቋል። ከዲስትሪቢዩተሩ በስተግራ ያለችውን የዘይት ግፊት ማብሪያ ፈትታችሁ በስሪንጅ ዘይት ወደ ቀዳዳው ግፉ፣ ፓምፑ እርጥብ ሲሆን መሳብ ይጀምራል። ስትመልሱት ቀስ በሉ፤ ጥርሱ እየወፈረ የሚሄድ ስለሆነ ከልክ በላይ ከጠበቀ ገላውን ይሰነጥቃል።

መለኪያው ካለ እዚሁ ላይ ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት) ለኩ። ስሟ ባሕር ዳር ይሁን እንጂ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ የአየሩ ግፊት ከዝቅተኛ ቦታ በአምስት እጅ አንድ ያህል ያንሳል። መጽሐፍ 7 ባር የሚለው ሲሊንደር እዚህ 5.6 አካባቢ ያሳያል። መጽሐፉን ይዞ «ሞተሩ አልቋል» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት። የሚያሳስበው ቁጥሩ ሳይሆን በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንዱ በጣም ዝቅ ካለ ተጣብቆ የቀረ ፋሻ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ደግማችሁ ስትለኩት ብዙ ጊዜ ይወጣል።

ለመጀመሪያው ማስነሣት ሰርባቶዮውን እርሱት። ንጹሕ የሁለት ሊትር ጀሪካን፣ አዲስ ቤንዚን፣ ቱቦው በቀጥታ ወደ ፓምፑ። የደረቀ ፓምፕ ቶሎ ስለማይስብ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ቤንዚን በስሪንጅ በካርቡራተሩ መተንፈሻ በኩል ወደ ጽዋው አስገቡ። በካርቡራተር አፍ ቤንዚን ማፍሰስ ሌላ ነገር ነው፤ ወደ ኋላ ሲተኩስ የሚቃጠለው የአፍሳሹ ቅንድብ ነው። ካንዴላዎቹን መልሱ፣ ሽቦዎቹን 1፣ 4፣ 3፣ 2፣ የቦቢናውን ሽቦ መልሱ። መኪናው ከጥላው ወጥቶ ሜዳ ላይ ይቁም። እሳት ማጥፊያ የያዘ ሰው ከጎን ይቁም እንጂ ከኋላ አይቁም፣ ማርሚታው ውስጥ የቀረ ነገር ይተፋል። ጋዙን አንዴ እስከ ታች ረግጣችሁ ልቀቁ፣ ቾኩ እንዲይዝ። ከዚያ አዙሩ።

ሲነሣ ጋዝ አትርገጡበት። በ1,500 ዙር አካባቢ ሁለት ደቂቃ ይቁም። መጀመሪያ የሚታየው የዘይት መብራት፣ ቀጥሎ ሁለቱ የቤንዚን መጋጠሚያዎች፣ ከዚያ ከሥር። ሰማያዊና ነጭ ጭስ ይበዛል፤ ያፈሰሳችሁት ዘይት ነው፣ እስከ ዐሥር ደቂቃ ይታገሡታል። ሃያ ደቂቃ ሆኖት ሰማያዊው ካልቀነሰ ፋሻ ነው። ጥቁር ከሆነ ቾኩ አልተከፈተም። በከፍታችን አየሩ ስለሚሳሳ ድብልቁ ያለዚያም ትንሽ ይወፍራል፤ ካንዴላዎቹ ደረቅ ጥላሸት ከያዙ አንድ ቁጥር ያነሰ ዋና ጂግለር መሞከር ይቻላል። በካርቡራተሩ በኩል ቢያስነጥስ አየር የሚስብ ጓርኒሲዮን አለ። በሦስት እግሩ ከሠራ የካንዴላ ኮፍያዎቹን አንድ በአንድ በተሸፈነ ፒንሳ ንቀሉ፤ ሲነቀል ዙሩ ያልወረደው ሲሊንደር ነው የማይሠራው።

ቀዩ የዲናሞ መብራት ካልጠፋ ብዙ ጊዜ ከሰል ብሩሹ ቤቱ ውስጥ ተጣብቆ ነው። እየሄዳችሁ በድንገት ቢበራ ግን ወዲያው አቁሙ፤ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ ቺንጋው ደግሞ ማራገቢያውንም ያዞራል። በአውራ ጣት ሲጫን 15 ሚሊሜትር ያህል መግባት አለበት፣ የሚስተካከለው በፑሌጃው ሁለት ገጾች መካከል ያሉትን ስስ ቀለበቶች በመጨመርና በመቀነስ ነው።

ሞተሩ ይሠራል፣ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ግን ማርሽ አይገባም? የፍሪሲዮኑ ዲስክ ከቮላኖው (ከሞተሩ መዞሪያ ሰሌዳ) ጋር ዝጎ ተያይዟል። ኋላውን በክሪክና በእንጨት አንሡ፣ በሁለተኛ ማርሽ አስነሡት፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ረግጣችሁ ፍሬን ምቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ይለቃል። ስለ ፍሬን ሌላ ቀን በሰፊው፤ ለዛሬው የፍሬን ዘይት ውኃ እንደሚጠጣና ከዚህ ሁሉ ክረምት በኋላ በጎማዎቹ በኩል ያሉት የፍሬን ሲሊንደሮች ሳይከፈቱ ከግቢ መውጣት እንደማይገባ ይበቃል። በራሱ ሞተር በዘንባባዎቹ ሥር ወደ ሐይቁ ዳር ሊወስደው የቸኮለ ሰው ይህን መስማት አይወድም።

ላንድሮቨር ወይም ፔጆ 404 ያላችሁ፣ የዘይቱ፣ የቤንዚኑና በእጅ የማዞሩ ነገር እኩል ይሠራላችኋል። የምትጨምሩት የውኃ ፓምፑን፣ የራዲያተሩን ቱቦዎችና ቴርሞስታቱን ነው።

ከመጀመሪያው መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ሞተሩ ገና ሳይቀዘቅዝ ዘይቱን አውርዱ። ጥቁር ሆኖ ይወርዳል፤ ዓመታት ተጋግሮ የነበረው ዝቃጭ አሁን ነው የሚታጠበው። ወንፊቱን አውጥታችሁ እንደገና እጠቡ፣ የቫልቮቹን ክፍተት በማግስቱ ጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ ደግማችሁ ለኩ፣ 3ኛውን ሲሊንደር በተለይ።